የኒና ሲሞን ቤት፦ ለሦስት ክፍል ይህ ሁሉ ገንዘብ?

ጠያቂው፦
ወገኖች፣ ባለፈው ስለ ኒና ሲሞን ቤት የጀመርነውን ክርክር ዛሬ በደንብ እንቀጥልበት። አሜሪካዊቷ ዘፋኝና የጥቁሮች መብት ታጋይ ኒና ሲሞን በ1933 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ትራዮን በምትባል ትንሽ የሰሜን ካሮላይና ከተማ ነው። ቤቷ ልትፈርስ ደርሳ ነበር። በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አራት ሠዓሊዎች አዋጥተው በ95,000 ዶላር ገዟት። አንዷ አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ናት። ከዚያ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ገባበት፤ ዎርልድ ሞኑመንትስ ፈንድም አገዘ። በ2023 ፔስ የተባለው የሥዕል ጋለሪና ሶዝቢስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ባዘጋጁት ጨረታና ግብዣ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተሰበሰበ። ይህ ሁሉ ለአንዲት ትንሽ ቤት ይገባል?

የፒያኖ አስተማሪዋ፦
እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ኒናን ኒና ያደረጋት ምንድን ነው? ቤቱ አይደለም። እናቷ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትሠራበት ቤት ባለቤት የልጅቷን ጣት አይታ ለትምህርቷ ከፈለች። ኒና «ሚስ ማዚ» የምትላት መምህርት የባኽን ሙዚቃ አስተማረቻት። የከተማው ሰው፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርቷን እንድትቀጥል አደረገ። ያኔ የተዋጣው ለልጅ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡ ልጆች ቤታቸው ፒያኖ ስለሌላቸው ጠረጴዛ ላይ ጣታቸውን ያለማምዳሉ። ይህን እያየሁ ለግድግዳና ለጣሪያ ሚሊዮን ሲባል ያመኛል።

የሻርሎቱ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ልቤን ነክቶታል። ግን ቤቷን ሄጄ አይቻታለሁ። ከእኛ ከተማ ከሻርሎት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብትነጂ ነው። ዙሪያዋን ለመዞር ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስምንት ልጆች የወለደ ቤተሰብ ሦስት ክፍል ውስጥ! በረንዳው ጋ ቆሜ ዝም አልኩ። ያንን መጽሐፍ አይሰጥሽም።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። በ2005 አንድ የአካባቢው ሰው ቤቷን ገዝቶ ከኪሱ 100,000 ዶላር ያህል አፍስሶባታል። በመጨረሻ አቅም አጣና ከእጁ ወጣች። ብቻውን ታገለ፣ አልቻለም። ድርጅቶቹ መተባበራቸው ለዚህ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። በ2020 ፕሪዘርቬሽን ኖርዝ ካሮላይና የተባለው የግዛቱ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ከቤቷ ጋር የሚተላለፍ የጥበቃ ውል ይዟል። ነገ ማንም ቢገዛት ማፍረስ አይችልም። ገንዘብ ያልቃል፣ ገዢም ይለወጣል፤ ውሉ ግን ይቀራል። ለእኔ ከእድሳቱ ይልቅ ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

ጋሽዬ፦
ልጆቼ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይህች ሴት ቁጡ ነበረች። በ1963 በአላባማዋ በርሚንግሃም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ልጃገረዶች በቦምብ ሲገደሉ ተቀምጣ «ሚሲሲፒ ጎዳም» የሚለውን የተቃውሞ ዘፈን ጻፈች። በአሜሪካ ደቡብ ሸክላው ለሁለት እየተሰበረ የተመለሰበት ጊዜ አለ። ከርቲስ የሙዚቃ ተቋም በ1951 አልቀበልም ብሏት በ2003 የክብር ዲግሪ እንደሚሰጣት የሰማችው ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። በቁሟ ገፍተው ሊቀብሯት ሲሉ አቀፏት። ትልልቅ ድርጅቶች ሲሰበሰቡ ቁጣዋን አለሳልሰው «ደግ ዘፋኝ ነበረች» እንዳይሉን እፈራለሁ።

የሻርሎቱ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን ቤቷን የያዙት እኮ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ለምን እንደጮኸች የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። እንዲያውም ቁጣዋ የጀመረው እዚያው ትራዮን ነው። ገና ልጅ ሳለች ፒያኖ ልትጫወት ስትቀመጥ ወላጆቿን ከፊት አስነስተው ለነጮች ቦታ ሲያስለቅቁ አየች። «እነሱ ፊት ካልተመለሱ አልጫወትም» አለች። አስመለሰቻቸውም። ቤቷ ሳትኖር ይህ የት ይነገራል?

የፒያኖ አስተማሪዋ፦
እሺ፣ ቤቷ ትኑር። የጋሼን ፍርሃት ግን እኔም እጋራለሁ። እድሳቱ በ2025 አልቋል፣ ግድግዳው ቆሟል። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሦስቱ ክፍሎች ውስጥ የሚሠራ ፒያኖ ይግባ፣ የትራዮን ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲወጡ በነፃ ይማሩበት። ልጆቹ መንካት የማይችሉት ፒያኖ ከሆነ ግን አሁንም ተቃዋሚ ነኝ።