በስፔክትሮግራፍ ማስተካከያ ምስሎች ላይ እርዳታ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች፣

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገላጣ ኮረብታ ላይ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕና ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በሚበትን መሣሪያ (ስፔክትሮግራፍ) የከዋክብትን ብርሃን የማጠና ተማሪ ስሆን፣ የመሣሪያውን ስሕተት ለማረም በሚነሡት የማስተካከያ ምስሎች አወሳሰድ የገጠመኝን ችግር እንድታዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ብርሃን ሳይገባ የሚነሡት የጨለማ ምስሎች አላስቸገሩኝም፤ የካሜራውን ሙቀት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አጽንቼ፣ ለኮከቡ በተጠቀምሁበት የ30 ሰከንድ ቆይታ ልክ 20 ምስሎች ወስጃለሁ። ያስቸገረኝ የሞገድ ርዝመት ልኬቱ፣ ማለትም በምስሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቦታ የትኛው የብርሃን ሞገድ ርዝመት እንደሆነ መወሰኑ ነው። ለልኬቱ የምጠቀምበት የኒዮን መብራት፣ ቦታቸው የታወቀ ብሩህ መስመሮቹ ከ585 ናኖሜትር ጀምሮ ወደ ቀዩ ስለሚያደሉ፣ በእነርሱ ላይ ተመሥርቼ በሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል (የሒሳብ ቀመር) ያገኘሁት ልኬት ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ ቀይ የሃይድሮጅን መስመር በ656.28 ናኖሜትር ላይ በትክክል ሲያስቀምጠው፣ በ486.13 ናኖሜትር ላይ መገኘት የነበረበትን ሰማያዊውን የሃይድሮጅን መስመር ግን ወደ 487 ይገፋዋል።

የመብራቱን ምስል የማነሣው ሲመሽ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑም ያሳስበኛል። ቴሌስኮፑ ሲዘነበል መሣሪያው በራሱ ክብደት ጥቂት ስለሚጎብጥ፣ የጥር ሌሊት ብርድም (የጎጃምን ደጋ ለሚያውቅ ነጋሪ አያሻውም) ብረቱን ስለሚያኮማትር፣ መስመሮቹ ከቦታቸው ሊሸሹ ይችላሉ። ይሁንና እንዲህ ያለው ሽሽት ሁለቱንም መስመሮች በተቀራራቢ መጠን ሊገፋቸው ይገባ ነበርና፣ ዋናው ጥፋት ሌላ ይመስለኛል።

የሲሪየስን የራሱን የሃይድሮጅን መስመሮች ወደ ልኬቱ ብጨምር ተገቢ ነውን፣ ወይስ በሰማያዊው በኩልም መስመር የሚሰጥ፣ አርጎን ያለበት መብራት የግድ ያስፈልገኛል? የመብራቱን ምስልስ ከእያንዳንዱ ኮከብ በፊትና በኋላ፣ ቴሌስኮፑን ሳላንቀሳቅስ ላንሣውን?