ሐሰተኛ ብር ደብረ ብርሃን ተይዞ ክሱ አዲስ አበባ ይሄዳል?

የምንጃሯ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜ ሁለት በግ ሸጦ ባገኘው ብር ደብረ ብርሃን ሲሚንቶ ሊገዛ ገባ። ባለሱቁ ባለ 200ዎቹን ወደ ብርሃን አንስቶ ሲያይ 4ቱ ሐሰተኛ ሆኑበት፤ ፖሊስ ጠራ። ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ የ10 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠበት። አሁን መርማሪው «ጉዳዩ የፌዴራል ነው» ይለናል። አዲስ አበባ ሊወስዱብን ነው? ጎረቤታችን ሰው ገድሎ እንኳ የተፈረደበት እዚሁ ዞን ነው!

ባለ ጋቢው፦
ፌዴራል ከተባለማ አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት ነው እህቴ፣ ተዘጋጂ።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
ኧረ ሰው አታስደንግጥ! ልጄ፣ ፌዴራል የሚያሰኘው የወንጀሉ ክብደት አይደለም። ተራ ግድያ የክልል ጉዳይ ነው፤ ሐሰተኛ ገንዘብ ግን ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 25/1988 ጀምሮ በፌዴራል ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ አለ። አደገኛ ዕፅ ማዘዋወርም እንዲሁ፣ የፌዴራል ሠራተኛ በሥራው የሚፈጽመው ወንጀልም እንዲሁ። ታዲያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን፣ የክልል ጠቅላይ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። ስለዚህ የፌዴራል ነው ማለት አዲስ አበባ ይሄዳል ማለት አይደለም። ክሱ ሲደርሳችሁ ከአናቱ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደተጻፈ እዩ። የወረዳው ቀጠሮ አያደናግርሽ፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ በቅርብ ያለ ፍርድ ቤት መቅረብ ስላለበት ነው።

ባለ ጋቢው፦
ይቅርታ ጋሼ፣ አሶሳ እያለሁ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሱ መቋቋሙን ስለሰማሁ ነው።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
እሱማ በአዋጅ 322/1995 ለአፋር፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ለጋምቤላ፣ ለሶማሌና ለደቡብ የወጣ ነው። አማራ ክልል አልነበረበትም።

ጠበቃዋ፦
ይግባኙን እንዳታምታቱት። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ሥልጣን ደርቦ፣ ማለትም በውክልና፣ ከፈረደ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ጠቅላዩ ራሱ በመጀመሪያ ካየው ግን ለፌዴራል ጠቅላይ። የተሳሳተ መዝገብ ቤት ሲመላለስ የይግባኝ ቀኑ ያለፈበት ደንበኛ ነበረኝ። «ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ካላችሁ፣ ወንድምሽ ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ ወይም አልፈጸምኩም ብሎ የእምነት ክህደት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት አቅርቡ። ከሁሉ በላይ ግን ሐሰተኛ መሆኑን አለማወቁ ነው ዋናው ነገር፤ በጎቹን የገዛውን ሰው ፈልጉ።

የምንጃሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሽያጩን ያገናኘውን ደላላ በመልክ አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አገኘዋለሁ።