«ሱፔ» እና «ሳቢያ» ሁለቱም «አወቅኩ» አይደሉ እንዴ?

የከዚራው
ሰላም የድሬ ልጆች። ስፓኒሽ በስልክ አፕ ጀምሬ አራት ወር ሆነኝ፣ ሳቤር ማለት ማወቅ ነው ብሎኝ ሸመደድኩት፣ ኃላፊ ጊዜ ላይ ስደርስ ግን ዞረብኝ። ኩባ ያለ ፕራክቲስ የምናደርግ ልጅ «አየር ሱፔ ኬ ቴ ካሳስቴ» ብሎ ላከልኝ፣ እኔ «ማግባትህን ትናንት አውቅ ነበር» መስሎኝ ታዲያ ዛሬ ረሳኸው ወይ ብዬ መለስኩለት፣ እስካሁን ይስቅብኛል። አፑ ደሞ ሌላ ቦታ «ሳቢያ» ይላል። ልዩነቱ ምንድነው?

ለገሃሬ
አቦ በአማርኛ አስበው። «ማግባትህን ትናንት አወቅኩ» ካልክ ወሬው ትናንት ገና ጆሮህ ገባ፣ እሱ ሱፔ ነው። «አውቅ ነበር» ካልክ ግን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይነገርም ብቻ ታውቃለህ፣ እሱ ሳቢያ። ልጁ ያለህ «ማግባትህን ትናንት ሰማሁ» ነው። ለማንኛውም እንኳን ደስ አለህ፣ እኛ እንኳ አልሰማንም ካካካ

አምስት በር
ልክ ብሏል። እኔ በልጅነቴ ኩባ ነው የተማርኩት፣ የወጣቶች ደሴት፣ ግማሽ ቀን ክላስ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ ለቀማ (ግሬፕፍሩት ነው፣ እጃችን ሽታው አይለቅም ነበር)። አንዴ ከስልፍ ቀርቼ መምህሯ ለምን ስትለኝ «ኖ ሱፔ» አልኳት፣ አላወቅኩም ነበር ማለቴ ነው፣ ለካ ለሱ «ኖ ሳቢያ» ነው የሚባለው። ኖ ሱፔ ሲሆን አቃተኝ፣ ጠፋኝ ወደሚለው ይሄዳል፣ «ኖ ሱፔ ኬ ዴሲር» የምለው ጠፋኝ እንደማለት። ደሞ ሱፔ እኔ ነው ሱፖ እሱ ወይ እሷ፣ ሳቢያ ግን ለእኔም ለእሱም ለእሷም አንድ ስለሆነ ካልተለየ «ዮ» (እኔ) ጨምርበት። ሰው ማወቅ ላይ ሳቤርን እንዳትነካ፣ እሱ ኮኖሴር ነው። «ላ ኮኖሲ» ተዋወቅኳት፣ «ላ ኮኖሲያ» አውቃት ነበር። ሚስትህ ፊት ሁለቱን አታምታታ።

የከዚራው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ግን አፑ ላይ «ላ ሶፓ ሳቢያ ኣ ሳል» የሚል አለ፣ ሾርባ ምን ያውቃል?

አምስት በር
ሃሃ እሱ ጣዕም ነው። ሳቤር ኣ ሲሆን እኛ ጨው ጨው ይላል የምንለው ነው፣ ሾርባው ጨው ጨው ይል ነበር ማለት ነው። እዚህ ሱፔ አይገባም፣ ለአንድ ጉርሻ ከሆነ እንኳ «ሱፖ» ነው። ሐረር ብቅ በል፣ ሆጃ (ጨው የሚገባበት የቡና ገለባ በወተት) ጠጥተህ ራስህ ትለዋለህ።