ግማሽ እምነት ደግሞ ምንድነው?

የቀበና ልጅ፦ አንዱ ሰባኪ ነኝ ባይ ቪዲዮ ላይ «ኢንሱሊን በቦርሳ ይዞ ጠበል መግባት ግማሽ እምነት ነው» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። ስኳር ያለባት አክስቴ አምና እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ነው ፔርሙሷን ከነኢንሱሊኑ ቤት ጥላ የሄደችው፣ በሦስተኛው ቀን ስንደርስ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል፣ ማንነታችንን አታውቅም። ተርፋለች ተመስገን። ስትነቃ ምን ብትባል ጥሩ ነው፣ እምነትሽ ጎድሎ ነው!

ወለተ ማርያም፦ ተመስገን ያልከው ማንን ነው ሐኪሙን? ራስህ መለስከው። እኔ ሐኪም ቤት «ቤቷ ውሰዷት» ብሎ የመለሳት ጠበል ገብታ ስትነሳ በአይኔ አይቻለሁ። በአንድ ሰው ስህተት ቤተክርስቲያን ላይ አትዝመት።

የቀበና ልጅ፦ ስለ ቤተክርስቲያን ማን አወራ፣ ግማሹን አስረዱኝ ነው ያልኩት።

ነርሷ፦ እንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒት እያቋረጡ ሲያልቁ እኮ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ1999 ዓ.ም ጠበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ፓትርያርኩም ግማሽ አማኝ ነበሩ በይና?

ወለተ ማርያም፦ ቅዱስነታቸውን እዚህ አታስገቢ። ያዕቆብ 5 የእምነት ጸሎት ድውዩን ያድናል ይላል፣ ከኪኒን ጋር አይልም።

ነርሷ፦ ሲራክ 38ንም ገለጥ አርጊያ እህቴ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ሕዝቅያስስ? አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት፣ ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ አድርጉ ብሏል።

ወለተ ማርያም፦ በለስ ኢንሱሊን አይደለም።

ዳኒ ሹፌር፦ ኧረ በናትሽ 😂 እኔ ዳሽቦርዴ ላይ ገብርኤል አለ፣ ሳላማትብ ሞተር አላስነሳም፣ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ግን ጋራዥ ነው የምገባው። ሸራውን ሳልቀይር የጎጃም በረንዳን ሰው ጭኜ አባይ በረሃን ልውረድልሽ? ሙሉ እምነት ያለሽ ጋቢና ነይ።

አቡ ሀናን፦ እኛ ጋ ይሄ ድሮ ያለቀ ነው፣ አንድ ሰው ነቢዩን ግመሌን ልሰራት ወይስ ፈትቻት በአላህ ልመካ ሲል እሰራትና ተመካ ነው የተባለው።

ቶማስ ያልዳሰሰው፦ እናንተ አሁንም እዛው ናችሁ። በ2012 ለአንድ ወር ጸሎት ታውጆ ኮሮና ሄደ?

ዳኒ ሹፌር፦ እሱ እኮ በቲቪ ነበር፣ ሰው እንዳይሰበሰብ። ጸልየናል ቤታችንም ተቀምጠናል፣ ምኑ ነው ያልገባህ።

ቶማስ ያልዳሰሰው፦ ታዲያ የሠራው መቀመጡ ነው።

አቡ ሀናን፦ አንተ ደግሞ ፍርሃት ይዞህ ሌሊት ስትንቆራጠጥ ማንን ነው የምትጠራው? ለማንኛውም ሳትጸልይ ያደርክበትን ሌሊት ንገረን።

ወለተ ማርያም፦ ለቶማስማ መልስ መስጠት ውሃ መውቀጥ ነው። የቀበናው፣ እምነት ጠብታ አይደለም በግማሽና በሩብ የሚለካ።

የቀበና ልጅ፦ ይኸው! ካልተለካ «ግማሽ» ያለው ሰውዬ በምን ለካው? ከጠዋት ጀምሮ የምጮኸው እኮ ይሄንን ነው።

ወለተ ማርያም፦ ቃል አትጠምዝዝ።

ዳኒ ሹፌር፦ ወለቴ ፕሮፋይልሽ ላይ ያለውን መነጽር አውልቀሽ መልሺለት እስቲ፣ በሙሉ እምነት።

ወለተ ማርያም፦ መነጽር ሌላ ነው።

ዳኒ ሹፌር፦ እንዴት ነው ሌላ የሆነው?

ወለተ ማርያም፦ ሌላ ነው አልኩህ፣ የማነበው ውዳሴ ማርያም ነው!

ነርሷ፦ 😂😂 አክስትህስ አሁን እንዴት ናቸው?

የቀበና ልጅ፦ ደህና ናት። ቅዳሜ እዛው ጠበል ውሰደኝ እያለችኝ ነው፣ ፔርሙሱን እኔ ነኝ የምይዘው።

ወለተ ማርያም፦ ውጪ አስቀምጠው ታዲያ፣ እላይዋ ላይ ቆመህ አታሳቅቃት።