ከጨፌው በላይ ያለችው ምንጭ ብትጎለብት ጨፌው ይደርቃል?

የመንዙ

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው መንዝ ነው፣ ጓሳ ጥግ፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ሸንተረር ሥር ሁለት ጨፌ፣ ማለትም ረግረጋማ የግጦሽ ሜዳ፣ አለን። ብዙም አይራራቁም፤ ዝናቡም ብርዱም አንድ ነው። የላይኛው ግን ጥር ላይም ቄጠማው እንደለመለመ ነው። የታችኛው ኅዳር ሲያልቅ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት በደረቁ ይሻገረዋል።

አሁን የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ፣ እኔም አባል ነኝ፣ ከላይኛው ጨፌ ራስጌ ያለችውን ምንጭ አጎልብቶ፣ ማለትም ዓይኗን በግንብ ከልሎ፣ በቧንቧ ወደ ቦኖ ሊያወርዳት ነው። እናቶቻችን የሚቀዱት ከብት ከሚረግጠው ውኃ ስለሆነ ሥራውን አልቃወምም። አባቴ ግን «ምንጯን ከነካችኋት ጨፌው አለቀ። በልግ የቀረ ዕለት ከብቱን የት ልታስገቡት ነው?» ይላሉ። ሥራውን ሊያይ የመጣው ባለሙያ በበኩሉ «ጨፌ ስፖንጅ ነው፤ ክረምት የጠጣውን በበጋ ይለቃል፣ ምንጯ ብትወሰድም ምንም አይሆን» አለን። ማንን ልመን?

ውኃ ፈላጊው

አባትህን እመን፤ ግን ሥራውንም አትተው። ሁለቱ ይታረቃሉ።

የስፖንጁን ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በተለይ ከደጋ ውጭ ካደጉ ሰዎች። ነሐሴ ላይ ጨፌው መሐል ግባና ቁም። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚትህ ነው። እንዲህ የጠገበ መሬት አዲስ ዝናብ የሚያስገባበት ቦታ ከየት ያመጣል? የወረደበት ሁሉ ላይ ላዩን ሄዶ ወንዝ ይገባል። ለበጋ ውኃ የሚያቆየው ጨፌው ሳይሆን ከበላዩ ያለው ሸንተረር ነው። ስለ ጨፌ ማወቅ የፈለገ ሰው ቀና ብሎ ተራራውን ይይ።

የሰሜኑ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። አንዱ ፍሰት ቀዝቅዞ፣ ላዩ አፈር አብጅቶ፣ ከዚያ ሌላው መጥቶ ይሸፍነዋል። ያ መሐል የቀረው አፈር ነው መንገድ ሲቆረጥ ገደሉ ላይ እንደ ቀይ መስመር የምናየው። የክረምቱ ዝናብ በዓለቱ ስንጥቅ ይወርድና እዚያ ቀይ ሸክላ ላይ ሲደርስ መውረጃ ያጣል። ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሸንተረሩ በተቆረጠበት ቦታ ብቅ ይላል። ምንጭህ ይቺው ናት። መንገዱ ወራት ስለሚወስድ የሐምሌው ዝናብ ጥር ላይ ሲፈስ ታገኘዋለህ። የታችኛው ጨፌህ ግን፣ ከነገርከኝ ተነሥቼ ስገምት፣ ጎድጎድ ያለ፣ ሥሩ ዋልካ የሆነ ሜዳ ነው። ዋልካው ከታች ምንም አያስገባለትም። ያለው ከላይ የዘነበለትና በጎርፍ የመጣለት ብቻ ነው፤ እሱንም ፀሐይና ነፋስ ይጨርሱታል።

የሚበቅለውም በዚሁ ይለያያል። ውኃ ከማይለየው ጨፌ የሞተው ሥርና ቅጠል አየር ስለማያገኝ፣ ብርዱም ስለሚያግዝ፣ ቶሎ አይበሰብስም። እየተደራረበ ጥቁር፣ ጭረት የሞላበት፣ ስትረግጠው የሚንቀጠቀጥ መሬት ይሆናል። በዓለት ውስጥ የመጣ ውኃ ደግሞ ማዕድን ይዞ ነው የሚወጣው፤ የዝናብ ውኃ ይኼ የለውም ማለት ይቻላል። ቄጠማው የሚወፍረው ለዚህ ጭምር ነው። የሚደርቀው ጨፌ በየበጋው አየር ስለሚገባው የሞተው ሁሉ በስብሶ ያልቃል። እዚያ የሚኖረው ቶሎ አብቦ ቶሎ ዘር የሚጥል አጭር ሣር ነው። የጓሳው ሣር እንኳ ሥሩን ውኃ ውስጥ መንከር ስለማይወድ ሁለቱንም ትቶ ዳር ዳሩን፣ ውኃ በሚወርድበት ተረተር ላይ ነው የሚበቅለው።

ግምቴን ማጣራት ቀላል ነው። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ውርጭ ባደረበት ሌሊት ማግስት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሂድ። ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ውኃ ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ በናንተ ከፍታ 10 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ምንጩ የሚመግበው ቦታ ላይ አመዳይ አይቆምም፣ ሲጤስም ታያለህ። ነጭ ሆኖ ያደረው ሌላ ውኃ የሚያገኝ ነው። ምንጩ ከዓይኗ ውጭ በስንት ቦታ ሾልኮ እንደሚወጣም ያን ጠዋት ታውቃለህ። ቴርሞሜትር ካለህ ጥሩ፣ ከሌለህም እጅህ ይበቃል። ከዚያ ደግሞ ምንጯን በጀሪካን ለካና ንገረኝ።

ሐኪመ ከብት

ለጨፌ የሚለቀስበት ውይይት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የደጋ በግና ከብት የሚጨርሰው የጉበት ትል የሚኖረው እዚያው ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀው ጨፌ ውስጥ ነው። ትሉን የምትሸከመው ትንሽ ቀንድ አውጣ እርጥብ ጭቃ ትፈልጋለች። የታችኛው ጨፌ የሚደርቅ መሆኑ ለበጎቻችሁ ጥሩ ነው። ቄራ ቆሜ የተበላሸ ጉበት ስንቱን እንዳስጣልኩ ብነግራችሁ «ይድረቅ» ትሉ ነበር።

ውኃ ፈላጊው

ዶክተር፣ ልክ ነዎት፤ ግን መድኃኒቱ ማድረቅ አይመስለኝም። ሰዎቹ በልግ ሲቀር ሌላ ሣር የላቸውም። ይልቅ ከብቱ መሐሉ እየገባ ከሚረግጠው ዳር ላይ ገንዳ ሠርቶ ማጠጣት ለእርስዎም ለእኔም ይበጃል። እርጥብ መሬት ላይ የከብት ዱካ መስመር ሲሠራ ውኃው በዚያ ይሰበሰብና ቦረቦር ይጀምራል። ቦረቦሩ እየቆረሰ ወደ ላይ ሲመጣ የጨፌውን ውኃ ከሥሩ ይጎትተዋል። ምንጯ ሳትነካ ጨፌ የሚሞተው እንዲህ ነው። ድሮ በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም የመንዝ ሰው ጓሳውን በጋራ በሚጠብቅበት ደንብ፣ ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ሲከርም እርጥቡም መሬት አብሮ ያርፍ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በራሱ ደንብ ጥበቃውን መልሷል። እናንተ ዘንድ ደንቡ ጨፌውንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቅ።

ጎባ

እኔ ከባሌ ነኝ፤ ነገሩ ሳነቴም ያው ነው። ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ አምባ ላይ ክረምት ሲሆን የማይቆጠር ኩሬ ይሞላል፣ በበጋ ብዙው ደርቆ ሰሌዳ ይሆናል። ከላይ ዝናብ ብቻ የሚጠብቁት ናቸው። ከተዳፋት ሥር ውኃ የሚሾልክላቸው ግን አረንጓዴ ሆነው ይከርማሉ። ትልቁ ፍልፈልም ብዙውን ጊዜ ከእርጥቡ ዳር ነው፤ ለምለም ሣር ይፈልጋል፣ ግን ጉድጓዱ ውኃ እንዲሞላበት አይፈልግም። ቀይ ቀበሮውም ፍልፈሏ ባለችበት ያደባል። የውኃው መስመር ጥቂት ክንድ ወደ ታች ቢሸሽ ይኼ ሁሉ አብሮ ይሸሻል። የእኛ ወንዞች ዌብም ገናሌም ቆላ ወርደው ሰው የሚያጠጡ ስለሆኑ እኔ ምንጭ ሲታጠር ደስ አይለኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

የመንዙ

ጠዋት ሄጄ ነበር። የላይኛው ጨፌ ራስጌው ሙሉ ይጤሳል፣ አመዳይ የለበትም፤ ከምንጯ ዓይን በስተግራም ሌላ የሚጤስ ቦታ አገኘሁ፣ ማንም አያውቀውም ነበር። የታችኛው ድፍን ነጭ። አባባን ይዣቸው ሄጄ ስለነበር ደረታቸውን ነፍተው ነው የተመለሱት። ምንጯ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ25 ሰከንድ ትሞላለች። ቦኖው ለ90 አባወራ ነው።

ውኃ ፈላጊው

ጎበዝ። እንግዲህ እናስላ። በ25 ሰከንድ 20 ሊትር ማለት በሰከንድ 0.8 ሊትር፣ በቀን 69,000 ሊትር ገደማ ነው። 90 አባወራ በአምስት ሰው 450 ሰው፤ ለገጠር በሚታሰበው በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ሲባዛ በቀን 11,250 ሊትር። ለሰው የሚያስፈልገው ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። አምስቱ እጅ ለጨፌው ይቀራል፤ ያውም ያ ሌላው የሚጤሰው ቦታ ሳይቆጠር።

ጨፌ የሚጠፋው ሰው በሚጠጣው ሳይሆን በአሠራሩ ነው። የተለመደው ምንጩን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ዘግቶ፣ ሁሉንም ወደ ታንከር ወስዶ፣ ታንከሩ ሲሞላ ትርፉን ወደ መንገድ ዳር ቦይ መልቀቅ ነው። ታንከሩ ከጨፌው በታች ከሆነ ያ ውኃ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ማከፋፈያ ሳጥኑ እዚያው ምንጯ አጠገብ፣ ከጨፌው በላይ ይሁን በላቸው፤ ወደ ታንከር የሚሄደው ቧንቧ ቀጭን ይሁን፣ ታንከሩም ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይኑረው፣ ትርፉ ከሳጥኑ ይፍሰስ። አፈሳሰሱም በአንድ አፍ አይሁን፤ በአንድ አፍ ከለቀቃችሁት በሁለት ክረምት ቦረቦር ይከፍትላችኋል። ከጨፌው ራስጌ ድንጋይ የሞላ አግድም ቦይ ቆፍራችሁ በዚያ ሾልኮ ይሰራጭ። ያን አዲስ ያገኛችሁትን ቦታ ቁፋሮ እንዳይነካው ችካል ትከሉበት።

ደግሞ ይኼ ልኬት የጥር ነው። እናንተ ዘንድ በልግ ከመጣ ምንጯ ትታደሳለች፣ ከቀረ ግን ዝቅተኛውን የምታሳየው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ያኔ ደግመህ ሳትለካ የቧንቧውን ውፍረት አታጽድቁ። ከምንጯ በላይ ባሕር ዛፍ የተከለ ካለም አሁኑኑ ንገረኝ፣ ሒሳቡ ይለወጣል።

የመንዙ

ባሕር ዛፍ አለ። የአጎቴ ነው።

ውኃ ፈላጊው

እሱን እንግዲህ በሽማግሌ ጨርሱት።