የሼርሎክ ሆምስን ልብ ወለድ፣ የባስከርቪልስ ውሻን ጀመርኩ፤ ገዳዩ አሳላፊው ነው አይደል?

የአዌቱ ማዶ፦
ሰላም ቤተሰብ። መጽሐፉን ሒርማታ ገበያ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አገኘሁት፤ ሽፋን የለውም። ትናንት ማታ መብራት ስለጠፋ ምዕራፍ 6ን በሻማ ጨረስኩ። የባስከርቪል ቤት ጌታ ሰር ቻርልስ በልብ ሕመም ሞተ ይላሉ፣ አጠገቡ ግን የግዙፍ ውሻ ዱካ! እዚያች ጋ ስደርስ ከጓሯችን ጅብ ጮኸ። አልዋሽም፣ ሻማውን አጥፍቼ ተሸፋፈንኩ።

ግምቴ፦ አሳላፊው ባሪሞር። ወራሹን ሰር ሄንሪን ለንደን ላይ በሠረገላ የተከታተለው ሰው ጥቁር ጢም ነበረው፤ የባሪሞርም ጢም ጥቁር ነው። ከሰር ቻርልስ ኑዛዜም 500 ፓውንድ ደርሶታል። እዚያ ቤት ሌሊት የምታለቅሰው ሴትም ሚስቱ ትመስለኛለች።

ያልገባኝ ከሰር ሄንሪ የተሰረቀው ጫማ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ቡናማ፣ ቀጥሎ አሮጌው ጥቁር፣ ያውም አንድ አንድ እግር! ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ቡና ለቃሚ፦
እህቴ፣ በጢም አትፍረጂ። መርማሪው ሆምስ ራሱ ጢሙ ፊት መደበቂያ ነው ብሎ የለ?

ጋሼ ጂሬን፦
ልጄ፣ አዲሱ ጫማ ተመለሰ፤ አሮጌው ግን ቀረ። ውሻ በምኑ ነው የሚያድነው? ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቡና ለቃሚ፦
ኧረ ጋሼ፣ ዘረገፉትኮ! ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1902 በስትራንድ መጽሔት በየወሩ ሲወጣ አንባቢው ስንት ወር ታግሷል፣ እርስዎ አንድ ሌሊት አቃተዎት?

የአዌቱ ማዶ፦
ወይኔ፣ ሽታው! ጋሼ፣ በረንዳ ላይ ያደረ ጫማዬን አሁን አስገባሁት።