«ኦፕሬሲቭ» ሁልጊዜ «ጨቋኝ» ነው እንዴ?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አጭር ልቦለድ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። «ኦፕሬሲቭ» የምትለው ቃል ሦስት ቦታ መጣችብኝ፤ አንዴ ከሕግ፣ አንዴ ከሙቀት፣ አንዴ ከዝምታ ጋር። መዝገበ ቃላቴ «ጨቋኝ» ብሎ ያልፋታል። «ጨቋኝ ሕግ» እሺ። «ጨቋኝ ሙቀት» ብዬ ጽፌ መልሼ ሳነበው ግን ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ምን ልበል?

ቀለም፦
ጆሮሽ ልክ ነው እህቴ። በአማርኛ «ጨቋኝ» ሲባል ከጀርባው ሥልጣን ያለው አካል ይታያል፤ ገዢ፣ ሥርዓት፣ ሕግ አውጪ። ሙቀት ማንንም አስቦ አይጨቁንም። እንግሊዝኛው ግን ይህን አይጠይቅም። ሥሩ ላቲን ነው፣ «መጫን» ከሚል ግስ የወጣ፤ «ፕሬስ» እና «ፕሬሸር» የዚያው ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ከላይ ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ሁሉ፣ ሕግም ይሁን ዕዳ ወይም አየር፣ በዚሁ ቃል ይጠራል። ለሙቀቱ «ወበቅ» የሚል ያማረ ቃል አለን እኮ! «ወበቁ ትንፋሽ ያሳጥራል» በዪው።

ተርጓሚዋ፦
ወበቅን እንዴት ረሳሁት! ዝምታውስ? ሴትየዋ ከቀብር ተመልሳ ባዶ ቤት ትገባለች። ወንበሩ ላይ የባሏ ኮት እንደተንጠለጠለ ነው። ከዚያ «ዝምታው ኦፕሬሲቭ ነበር» ይላል።

ማለዳ፦
«አስጨናቂ» እንዳትዪ። እሱ የሚመጣ ነገር የሚፈራ ሰው ዝምታ ነው። እሷ የምትፈራው የለም፣ የመጣው መጥቷል። እኔ ብሆን «ዝምታው ከበዳት» ብዬ አቆማለሁ። ቅጽሉን በቅጽል ለመተካት አትድከሚ፤ አማርኛ እንዲህ ያለውን ስሜት በግስ ሲናገረው ነው የሚያምርበት። ያፍናል፣ ይጫናል፣ ይከብዳል።

ብዕር፦
አንድ ልጨምር። ከዚህ ቅጽል የሚወጣው ስም ሁለት ነው፣ አይምታታብሽ። «ኦፕረሽን» ጭቆና ነው፣ በሰው ላይ የሚፈጸም ግፍ። «ኦፕሬሲቭነስ» ደግሞ የነገሩ ከባድነት፣ አፋኝነት ነው፤ ስለ ወበቅ ሲወራ በብዛት የሚመጣው ይሄኛው ነው። «ሪፕሬሲቭ» የምትል እህትም አለችው። እሷ ተቃውሞን ወይም ስሜትን አፍኖ መያዝ ናት፤ ስለ መንግሥት ይባላል፣ ስለ አየር ጠባይ ግን አይባልም።

ተርጓሚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሦስቱም ተፈቱ። ሕጉን «ጨቋኝ» ብዬ ተውኩት፣ ሙቀቱ ወበቅ ሆነ። ኮቱ ያለበት ቦታ ላይ «ዝምታው ከበዳት» ብዬ ጻፍኩና ደጋግሜ አነበብኩት። አሁን ሴትየዋ ታየችኝ። ግን አንድ ነገር፣ ጸሐፊው ቃሏን ሦስቴ የደገማት ሆን ብሎ ከሆነስ? ድግግሞሹ ጠፋ ማለት ነው።

ማለዳ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲያው ሦስቱንም በ«ከበደ» ሞክሪያቸው። የከበደ ሕግ፣ የከበደ ወበቅ፣ የከበደ ዝምታ። ሕጉ ላይ ትንሽ ይላላል፣ ሌሎቹን ግን ይሸከማል።